ለኃላፊ ደብዳቤ ስትጽፉ

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ብቸናም ሆነ ቡሬ፣ ማመልከቻ የሚሄድበት መንገድ ብዙም አይለያይም። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኃላፊው ፊት ይቀርባል፤ ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ታይቶ በመመሪያው መሠረት ይስተናገድ» ብሎ ለአንድ ባለሙያ ይመራዋል። የምትደክሙት ለዚያች አንድ መስመር ነው። ስለዚህ ኃላፊው ለማን እንደሚመራው ማሰብ እንዳይኖርበት አድርጋችሁ ጻፉ። የመብራት ሂሳብ ቅሬታንና የአዲስ ቆጣሪ ጥያቄን በአንድ ወረቀት ካቀረባችሁ፣ ወረቀቱ ለአንዱ ክፍል ይመራና ሌላው ጥያቄ እዚያው ይቀራል። ለየብቻ ጻፏቸው።

«ጉዳዩ፦» የምትለዋን መስመር አትናቋት። «ቅሬታ ስለማቅረብ» ማለት ምንም አለማለት ነው። «የየካቲት 2017 ዓ.ም. የመብራት ሂሳብ እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ» ካላችሁ ግን ሥራው ከዚያው ይጀመራል። ቀጥሎ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚል ነገር አታስገቡ። ርእሱ ከተገለጸ ተገልጿል።

እንበልና የመብራት ቢሉ ከልክ በላይ መጣባችሁ። ብዙ ሰው «እኔ አመልካች በደረሰብኝ ከፍተኛ በደልና እንግልት የተነሳ» ብሎ ይጀምርና ግማሽ ገጽ ያለቅሳል። እንዲህ ብትሉስ?

«በየካቲት ወር ቢል የቆጣሪዬ ንባብ 4,812 ተብሎ ተሞልቷል። መጋቢት 3 ቀን ቆጣሪው ላይ የሚታየው ግን 4,327 ነው። የቢሉ ኮፒና የቆጣሪው ፎቶ ተያይዘዋል። ንባቡ በቦታው ተረጋግጦ ሂሳቡ እንዲስተካከልልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ቆጣሪ ወደ ኋላ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ዘግይቶ የታየው ቁጥር ካነሰ ክርክሩ እዚያው አለቀ። ባለሙያው ይህን ይዞ ወጥቶ ማየት ይችላል። በ«ከፍተኛ በደል» ግን የሚያደርገው ነገር የለም። አገራችን የቅኔ አገር ናትና ነገር አዙሮ መናገር ይጥመናል፤ ማመልከቻ ላይ ግን ወርቁን ብቻ አስቀምጡ።

ስለ ማሳመን ብዙ ይባላል። ኃላፊ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ፊርማውን ነው፤ ነገ ኦዲተር መጥቶ የሚጠይቀው እሱን ነዋ። የሚደገፍበትን ስጡት፤ የመመሪያውን አንቀጽ፣ ቀደም ሲል የተጻፈላችሁን ደብዳቤ ከነቁጥሩና ከነቀኑ ጥቀሱለት። የጠየቃችሁት በእሱ ሥልጣን የማይወሰን ከመሰላችሁ፣ «ይህ የማይቻል ከሆነ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል እንዲተላለፍልኝ» ብላችሁ ሁለተኛ በር ክፈቱ። ማስፈራሪያ አትጻፉ። ግልባጭም ቶሎ አታብዙ። የመጀመሪያው ኃላፊ መልስ ሳይሰጥ ለዞንና ለክልል ግልባጭ ያደረገ ሰው፣ ጉዳዩን ወደ እልህ ከመቀየር ሌላ ያተረፈው ነገር የለም። ግልባጭ የሚሠራው መልስ ሲዘገይ፣ በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ነው።

ስማችሁን እስከ አያት፣ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። መታወቂያው «ኃይሉ» ካለ «ሀይሉ» አትበሉ፤ «የአንድ ሰው ስም መሆኑ ይረጋገጥ» ተብሎ የሚባክነው ጊዜ ከዚህ ይመጣል። በግራ በኩል ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ፤ መዝገብ ቤት በዚያ በኩል በስቶ ፋይል ውስጥ ሲያስረው ጽሑፋችሁ እንዳይበሳ። ከአንድ ገጽ አትለፉ። ዋና ማስረጃ አታያይዙ፤ ኮፒውን አያይዛችሁ ዋናውን ለማመሳከሪያ ያዙ፤ ግርጌውም ላይ «አባሪ፦ 3 ገጽ» ብላችሁ ቁጥሩን አስፍሩ። ያን ጊዜ አንዱ ገጽ ቢጠፋ ይታወቃል።

በማኅበር ወይም በሰፈር የምታመለክቱ ከሆነ፣ የፊርማው ወረቀት እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ጉዳዩንና ቀኑን ድገሙት። ባዶ ገጽ ላይ የተሰበሰበ ፊርማ ነገ ከሌላ ደብዳቤ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስቀራል፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ አስፈርሙ። ይህን ሳያደርጉ ወረቀት ሰጥቶ መመለስ የብዙ ወጣቶች ስህተት ነው፤ «አልደረሰንም» ሲባሉ መልስ የላቸውም። ስትመለሱም «የኔ ነገር ምን ደረሰ?» ሳይሆን ቁጥሩን ጠርታችሁ ለማን እንደተመራ ጠይቁ።

ደግሞም ደብዳቤ ቀን አያቆምም። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ክስ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ፣ ከሥራ ክርክር ውጭ ባለ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ፣ ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። «አሠሪዬ መልስ ይሰጠኛል» እያላችሁ ደብዳቤ ስታመላልሱ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ፣ የመጨረሻውን ቀን ኮፒያችሁ ጀርባ ላይ ጻፉት።