ልጁ የኤንቢኤን ድራፍት ትቶ ኮሌጅ ተመለሰ፤ ብልህ ነው ወይስ ፈሪ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ጓደኛዬ የምንሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። እሱ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ እኔ ሞባይል እጠግናለሁ። የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አጥብቀን እንከታተላለን። ጠባችን በፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዛክ ኢዲ ነው። ልጁ በ2023 ስሙን ለኤንቢኤ ድራፍት (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ለሚመርጡበት) ሰጥቶ፣ መጨረሻ ላይ አውጥቶ ኮሌጁ ተመለሰ። እኔ ብልህ ነው እላለሁ፤ በዓመቱ ፍጻሜ ደርሶ 9ኛ ተመርጧላ! ጓደኛዬ ደግሞ «ፈርቶ ነው፤ ጉልበቱ ቢሰበር ኖሮ ምን ይውጠው ነበር?» ይላል። አዲስ ልጅ ስሙን አስገብቶ ባወጣ ቁጥር ይኸው ክርክር ይነሳል። አቦል ላይ የተጀመረው በረካ ላይም አያልቅም። ይፍረዱን።
ሁለቱ ተከራካሪዎች፣ ከደሴ

መልስ፦ አማን ናችሁ ወንድሞቼ? አብሽሩ፣ ፍርዱን ቀድሜ ልንገራችሁ። ልጁ መመለሱ ልክ ነበር። ግን አንተ የሞባይሉ፣ ማስረጃህ አያስኬድም። «9ኛ ተመርጧላ» ትላለህ። እሱ የሆነው በኋላ ነው። ልጁ ስሙን ያወጣው በቀነ ገደቡ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2023 ነው። መጠየቅ ያለብን ያን ቀን በእጁ ምን ነበረው ብለን ነው።

የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚባልበት የኔይስሚዝ ሽልማት ነበረው። 2 ሜትር ከ24 ቁመትም ነበረው። ግን ማርች ላይ፣ በኮሌጆቹ ብሔራዊ ውድድር፣ ቡድኑ ጉድ ሆኗል። አንደኛ ተብሎ የገባው ፐርዱ፣ 16ኛ ተብሎ በገባው በፌርሌይ ዲኪንሰን 63 ለ58 ተረታ። በወንዶቹ ውድድር እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ገና ሁለተኛው ጊዜ ነበር። የኤንቢኤ መልማዮችም ልጁን «ከሩቅ አይወረውርም፣ እግሩ ከባድ ነው» ይሉት ነበር። የብዙዎቹ ግምት ሁለተኛ ዙር ላይ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ሁለተኛ ዙር የምትባለዋ ላይ ነው። ድራፍቱ ሁለት ዙር አለው። በየዙሩ 30 ምርጫ ነው፤ በ2023 እና በ2024 ግን በቅጣት ዕድላቸውን ያጡ ቡድኖች ስለነበሩ በድምሩ 58 ልጆች ብቻ ተመረጡ። በመጀመሪያው ዙር የገባ ልጅ ደመወዙ በተራ ቁጥሩ የተተመነ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትም ዋስትና አላቸው። በሁለተኛው ዙር ግን ስምህ ይጠራል እንጂ ዋስትና የሚባል ነገር በደንቡ የለም። ባቲ ገበያ ወርዳችሁ ግመል ሸጣችሁ ታውቃላችሁ? ሁለተኛ ዙር ማለት ገዢው በዋጋው ተስማምቶ፣ ቀብድ ሳይሰጥ «እመለሳለሁ» ብሎ ሲሄድ ማለት ነው። የሚመለስ አለ። የማይመለስም ሞልቷል።

በገንዘብ እንየው ካላችሁ፣ ኢዲ በ2024 በሜምፊስ ግሪዝሊስ 9ኛ ሲመረጥ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዙ ብቻ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት የአንድ ጀማሪ ትንሹ ደመወዝ 1.1 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። በዋናው ቡድንና በታዳጊ ሊጉ መካከል የሚያመላልሰውን ውል የፈረመ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያገኛል።

አንተ የፎቶ ኮፒው፣ የጉልበቱን ነገር አልንቅብህም። ግን ጉልበት ኤንቢኤም ገብቶ ይሰበራል። ዋናው ሲሰበር ውል አለህ ወይስ የለህም ነው። ሁለተኛ ዙር ላይ የሚጠበቅ ልጅ ያንን ውል ገና አልያዘም። የኮሌጅ ተጫዋች ለጉዳት ኢንሹራንስ መግባትም ይፈቀድለታል። ስለዚህ ፍርሃት ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከገንዘቡም ይበልጣል። ኢዲ ቶሮንቶ ሲያድግ ይጫወት የነበረው ሆኪና ቤዝቦል ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመረው 10ኛ ክፍል ሆኖ ነው። ኳሱን ዘግይቶ ለጀመረ ልጅ አንድ ዓመት ብዙ ነው። ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ሲያነጥር ያደገ ልጅ በ21 ዓመቱ የሚችለውን አሳይቶ ጨርሷል ሊባል ይችላል። ኢዲ ግን ገና እየተማረ ነበር። ተመልሶ በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብና 12 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) አስመዘገበ፤ ኔይስሚዙንም ደገመው። ከ1980ዎቹ የኮሌጅ ኮከብ ከራልፍ ሳምፕሰን ወዲህ በተከታታይ የወሰደ አልነበረም።

ፍጻሜውን አይታችሁታል? ኤፕሪል 2024፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር የተጀመረው። የረመዳን የመጨረሻው ሱሁር ነበር። ሞባይል ዳታ ስላልነበረ ዋይፋይ ያለው ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። እነሱ ለሱሁር ተነስተዋል፤ እኔ ለኢዲ። አንድ ትሪ ላይ ሁላችንም በላን። ጎረቤቴ ቅርጫት ኳስ አያውቅም፤ ግን አሥር ደቂቃ ሳያይ «ይሄ ረጅሙ ብቻውን ነው እንዴ የሚጫወተው?» አለኝ። ልክ ነበር። የፐርዱ ተጋጣሚ ዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ያደረገው ይህንኑ ነው። ኢዲን ለዶኖቫን ክሊንጋን ብቻ ሰጥተው፣ የቀሩት አራቱ ከወርዋሪዎቹ አጠገብ አልነቃነቅ አሉ። ፐርዱ ያን ሌሊት ከሦስት ነጥብ መስመር ያስገባው አንድ ኳስ ብቻ ነው። ኢዲ 37 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ 75 ለ60 ተሸነፈ። ክሊንጋንም በዚያው ድራፍት 7ኛ ተመረጠ፤ ከኢዲ ሁለት ደረጃ ቀድሞ።

ታዲያ ሁሉም ይመለስ ማለቴ አይደለም። የጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲው ድሩ ቲሚ በ2022 ሞክሮ ተመለሰ፤ በ2023 ስሙን የጠራው የለም። ሃንተር ዲኪንሰን በ2021 ሞክሮ ወደ ሚሺጋን ተመለሰ፣ በኋላ ካንሳስ ሄደ፤ በ2025 ሳይመረጥ ቀረ። ሁለቱም የኮሌጅ ጀግኖች ናቸው። ግን ኤንቢኤ ይፈልግ የነበረውን ፍጥነት አንድ ዓመትም አራት ዓመትም አልጨመረላቸውም። ዕድሜ ደግሞ መልማይ ዘንድ ይቆጠራል። ስለዚህ ሌላ ልጅ ስሙን ሲያወጣ ሁለት ነገር ጠይቁ። የተገመተው ስንተኛ ላይ ነው? የጎደለውስ በልምምድ የሚገኝ ነው? ሁለቱን ሳታውቁ ብትጨቃጨቁ ቡናው ነው የሚቀዘቅዝባችሁ።

ጥያቄ፦ ስምን ሰጥቶ መልሶ ማውጣት እንዴት ይፈቀዳል? ኮሌጁስ አይቆጣም?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አይቆጣም፤ እንዲያውም አሠልጣኞቹ ራሳቸው «ሂድና ሞክር» ይላሉ። ከ2016 ጀምሮ ልጁ ቺካጎ ላይ በሚደረገው የመመልመያ ፈተና ተፈትኖ፣ የቡድኖቹን አስተያየት ሰምቶ መወሰን ይችላል። ኮሌጆቹ የሚያስቀምጡት ቀነ ገደብ ከኤንቢኤው ይቀድማል። ያ ካለፈ መመለሻ የለም። አሜሪካዊ ከሆነ ዕድሜው 19 መሙላት፣ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰም አንድ ዓመት ማለፍ አለበት።

ዛሬ ግን መመለስ እንደ ድሮው መስዋዕትነት አይደለም። ከጁላይ 2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ማስታወቂያ ሠርቶ ይከፈለዋል። ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ ኮሌጁ ራሱ ይከፍላል፤ አንድ ትምህርት ቤት ለስፖርተኞቹ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ማከፋፈል የተፈቀደለት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ውጤቱም ታየ። በ2021 ስማቸውን ቀድመው ያስገቡት ከ300 በላይ ነበሩ፤ በ2025 ከመቶ እምብዛም አላለፉም። ሁለተኛ ዙር ከሚያስገኘው የበለጠ ኮሌጁ የሚከፍለው ልጅ ምን ቸኮለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 12ኛ ክፍል ነኝ፤ ለትምህርት ቤታችን እጫወታለሁ። አሜሪካ ስኮላርሺፕ ባገኝ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ለእኔም ይደርሰኛል?
ከወልዲያ

መልስ፦ ጎሽ የኔ ልጅ! ስኮላርሺፑ ችግር የለውም። የማስታወቂያው ገንዘብ ላይ ግን ተጠንቀቂ። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ሥራ የመሥራት መብቱ ጠባብ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ ሠርቶ መቀበል ቪዛውን ሊያስነጥቀው ይችላል። ኢዲም ካናዳዊ ስለሆነ ይኸው አጥር ነበረበት። ከደሴ ለጻፉልኝም ይድረሳቸው፤ ልጁ የተመለሰው እንደ ሌሎቹ ለማስታወቂያ ብር ብሎ ነው ማለት አይቻልም። ኮንጎአዊው የኬንታኪ ተጫዋች ኦስካር ቺብዌ በ2022 ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ፣ ከአሜሪካ ወጣ ብሎ ነው ማስታወቂያውን የሠራው። ማንም ወረቀት ይዞ «ፈርሚ» ቢልሽ መጀመሪያ የኮሌጅሽን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቂ።

የሴቶቹ ድራፍት ደንብም ይለያል። ኮሌጅ ገብታ የምትጫወት ልጅ በዚያው ዓመት 22 የሚሞላት ወይም ትምህርቷን የጨረሰች መሆን አለባት። ስለዚህ በአንድ ዓመት ሄድኩ ተመለስኩ የሚለው ጣጣ አንቺን እምብዛም አያገኝሽም።

ደግሞ ቁመትሽንና የምትጫወችበትን ቦታ አልጻፍሽልኝም። አሠልጣኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ የጨዋታሽንም ቪዲዮ አሁኑኑ ማስቀረጽ ጀምሪ።