ቁርባንና ቁርባኒ

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ፓኪስታናውያን አረፋ ሲደርስ ስለሚያርዱት በግ ሲያወሩ «ቁርባኒ» ይላሉ። እኛ ዘንድ ቁርባን ቅዳሴ ላይ የሚቀበሉት ነው። ከበግ ጋር ምን አገናኘው? ወይስ እንዲሁ ገጥሞ ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ እንዲሁ የገጠመ አይደለም፤ ቃሉ አንድ ነው። ሥሩ ቀ-ረ-በ ነው፤ በየቀኑ «ቅርብ ነኝ»፣ «ምሳ ቀረበ» የምትዪበት ማለት ነው። ስለዚህ ከመነሻው ቃሉ ውስጥ ቢላም ደምም የለም። ወደ አምላክ የሚቀርብ ነገር ሁሉ ቁርባን ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ላይ ያለው የዱቄትና የዘይት መባ እንኳ በዕብራይስጡ «ቆርባን» ነው የሚባለው። ማረዱን ይበልጥ የሚይዘው «ሠዋ» እና «መሥዋዕት» ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወደየራሱ ወሰደው። የፓኪስታኖቹ «ቁርባኒ» ከዐረብኛው «ቁርባን» በፋርስኛ በኩል ኡርዱ የገባ ነው። ቁርኣን ውስጥም አለ፤ ሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 27 ላይ፣ ሁለቱ የአዳም ልጆች ስላቀረቡት። ዐረቦቹ ራሳቸው ግን የአረፋውን እርድ «ኡድሒያ» ነው የሚሉት፣ የእኛ አገር ሙስሊሞችም እንደዚያው። ክርስቲያኖች ደግሞ ቃሉን ለሥጋ ወደሙ አደረጉት። እዚያው ዱባይ ከሕንድ፣ ከኬረላ ግዛት የመጣ ክርስቲያን ካገኘሽ ጠይቂው፤ ከሶርያ ቤተ ክርስቲያን በወረሰው ቃል ቅዳሴውን «ቁርባና» ነው የሚለው።

ወደ ግእዝም የገባው በአራማይክ በኩል ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ድሮ በ«ቍ» ይጻፍ የነበረውም የ«ኡ»ን ድምፅ ለመያዝ ነው። አማርኛ ግን በዚህ አላበቃም፣ ከስሙ ላይ የራሱን ግሥ አወጣለት፤ ቀረበ ሌላ፣ ቆረበ ሌላ! ከዚያም አልፎ ትዳር ውስጥ ገባ። «እነሱ እኮ ቆርበዋል» ከተባለ፣ በሰማንያ እንደተጋቡት አይደለም፣ በቃ፣ መፋታት የሚባል ነገር አይነሳም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዛሬው ዕብራይስጥ ነው። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱን ካፈረሱት ወዲህ መሥዋዕቱ ቀረ፣ ቃሉ ግን ተረፈ። አሁን በመኪና አደጋም ሆነ በወንጀል የተጎዳ ሰው «ቆርባን» ይባላል። ከኢትዮጵያ ገና የገባ ሰው የቴል አቪቭን የማታ ዜና ሲሰማ ምን እንደሚመስለው አስቢው።