ማንዶሊንና የጣት ጫፍ
ጥያቄ፦ ፒያሳ ነዋሪ ነኝ። ድንችና ካሮት በስሱ ለመክተፍ ማንዶሊን የሚባለውን ባለ ስለት መክተፊያ ገዝቼ በመጀመሪያው ቀን የአውራ ጣቴን ጫፍ ስለቆረጠኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከመሳቢያ አላወጣሁትም። ያለ ጉዳት እንዴት ልጠቀምበት?

መልስ፦ እንኳን ለክፉ አልሰጠዎት። ጣት የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ድንቹ ሊያልቅ ሲል፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» በሚባልበት ቅጽበት ስለሆነ፣ አብሮት የመጣውን ባለ ጥርስ መያዣ ከመጀመሪያው አንሥተው አትክልቱን በእርሱ ይግፉ፤ መያዣው ከጠፋ መቆረጥን የሚከላከል ጓንት ያድርጉ፤ የቀረችውንም ቁራጭ በቢላ ይጨርሱ፣ ወይም ለሾርባ ያስቀምጧት። ድንቹን ለሁለት ሰንጥቀው ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ስለቱ ቢያዞሩት አይንከባለልብዎትም።

ለሚጠበስ ስስ ድንች ውፍረቱን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያስተካክሉት፤ የተከተፈውን በቀዝቃዛ ውኃ ቢነክሩት ውኃው ነጭ እስኪመስል ድረስ ስታርቹ ይወጣል፣ በዘይት ውስጥም እርስ በርሱ አይጣበቅም። ጠንካራ ፖምና ቀይ ሥር ለማንዶሊኑ ይስማማሉ፤ የበሰለ ማንጎ ግን ይጨፈለቃል። ለወጥ ሽንኩርትም አልመክረውም፤ ቀለበት እንጂ ደቃቅ ክትፍ አይሰጥምና፣ እዚያ ላይ የለመዱት ቢላ ይበልጠዋል።

ሲያጥቡት አረፋ በሞላ ሳፋ ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ ስለቱ አይታይም። በሚፈስ ውኃ ሥር በብሩሽ ይጥረጉት።