የፓይ አሃዞች በዘፈቀደ የመጡ ናቸው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ፓይ የላካችሁልኝ ጥያቄ በዝቷል፤ አራቱን ልመልስ።

«የፓይ አሃዞች በዘፈቀደ የመጡ ናቸው?»

አይደሉም። ፓይ የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ማንም መቼም ቢያሰላው ከነጥብ በኋላ 32ኛው አሃዝ ያው 0 ነው። ዘፈቀደ የሚመስለው መልኩ ነው። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሚሊዮን አሃዞች ብትቆጥሩ ሁሉም ወደ 100,000 ጊዜ ይጠጋሉ፤ ትንሹ 6 ነው፣ 99,548 ጊዜ፣ ትልቁ ደግሞ 5፣ 100,359 ጊዜ። እኔ በጣም የምወደው ይህችን ትንሽ መበላለጥ ነው። ሁሉም ልክ 100,000 ቢመጡ ኖሮ ያኔ ነበር መጠርጠር። ሳንቲም መቶ መቶ ጊዜ እየወረወርኩ ሁሌም ሃምሳ ዘውድ ሃምሳ ጎፈር ወጣልኝ የሚል ሰው ይታመናል እንዴ?

«የልደት ቀኔ ፓይ ውስጥ የግድ አለ ይባላል። እውነት ነው?»

ሊኖር ይችላል፣ «የግድ» የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ቀን፣ ወርና ዓመቱ ስምንት አሃዝ ከሆነ፣ አሃዞቹ እንደ ዕጣ ቢወጡ፣ በ100 ሚሊዮን አሃዝ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ወደ 63 በመቶ ነው። ርዝመታቸው እኩል የሆኑ የአሃዝ ቅንጅቶች ሁሉ እኩል ድርሻ የሚያገኙበት ቁጥር «ኖርማል» ይባላል፤ ፓይ ኖርማል ከሆነ የልደት ቀናችሁም የግድ አለ ማለት ነው። የሒሳብ ሊቁ ኤሚል ቦሬል እ.ኤ.አ. በ1909 ከሞላ ጎደል ሁሉም ቁጥሮች ኖርማል መሆናቸውን አረጋገጠ፤ ፓይ፣ ኢ (2.718 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር) ወይም የ2 ስኩዌር ሩት ከእነሱ መሃል ይሁኑ አይሁኑ ግን እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። ደግሞ ኖርማል መሆን ማለት የማይገመት መሆን አይደለም። ቻምፐርኖውን እ.ኤ.አ. በ1933 ኖርማል መሆኑን ያሳየው ቁጥር እኮ 0.123456789101112 እያለ የሚቀጥል ነው፤ ቀጣዩን ልጅም ይነግራችኋል!

«762ኛው ላይ ስድስት 9 ተደርድሯል። ምስጢር አለው?»

የለውም። ስድስት ተመሳሳይ አሃዝ ይህን ያህል ቀድሞ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም፣ ብርቅ ነው። ግን 123456 ቢመጣም ኖሮ ይህንኑ ትጠይቁኝ ነበር።

«አሃዝ መቁጠር ስህተት ያሳያል?»

ያስጠረጥራል። ዊልያም ሻንክስ እ.ኤ.አ. በ1853 ከ600 በላይ አሃዞችን በእጁ አስልቶ ሲያወጣ፣ የሒሳብ ሊቁ ደ ሞርጋን 7 ማነሱን አስተዋለ፤ 60 ገደማ ሲጠበቅ 44 ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ፈርግሰን እንደገና ሲያሰላው የሻንክስ ስሌት ከ528ኛው አሃዝ ጀምሮ ስህተት ሆኖ ተገኘ። «በቃ፣ 7 የጎደለው በስህተቱ ነው» እንዳትሉ። ትክክለኛዎቹ የመጀመሪያ 500 አሃዞች ውስጥም 7 የመጣው 36 ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሚሊዮን ላይ ስትደርሱ ግን 99,800 ሆኗል።