መልስ፦ ሄሊክስ ላይ ሁለት አምፕ ጭኜ ድምፁ ለምን መሀል ላይ ይቀራል?

ሄሊክስ (የጊታር ድምፅ ማቀነባበሪያ መሣሪያ) ላይ ሁለት አምፕ (የጊታር ማጉያ) ጭነህ፣ ስቴሪዮ ዲሌዩን (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመውን) ከአምፑ በፊት አድርገህ ድምፁ ወደ ግራና ቀኝ አልሰፋ እንዳለህ ጽፈሃል። ችግሩ የብሎኮቹ (መሣሪያው ውስጥ በተራ የሚደረደሩት የድምፅ ክፍሎች) ቅደም ተከተል ነው። ሄሊክስ ላይ የአምፕ ብሎክ ሞኖ (ግራና ቀኝ የሌለው፣ አንድ ድምፅ ብቻ) ነው። አንተ እንዳልከው ስቴሪዮ ዲሌዩ ከአምፑ በፊት ከሆነ፣ አምፑ ግራና ቀኙን ጨፍልቆ አንድ ያደርገዋል።

1. መስመሩን ከአምፖቹ በፊት ለሁለት ክፈለው። ላይኛው ላይ አንዱን አምፕ ከነካቢኔቱ (የስፒከር ሳጥኑ)፣ ታችኛው ላይ ሌላውን አድርግ።
2. መስመሮቹ የሚገናኙበት ሚክሰር ላይ የኤ (የላይኛው መስመር) ፓን፣ ማለትም ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚወስደው ማስተካከያ፣ ሙሉ ግራ፣ የቢ (የታችኛው መስመር) ፓን ሙሉ ቀኝ ይሁን። እስከዚህ ድረስ ዱዋል ሞኖ (ሁለት የተለያዩ ሞኖ ድምፆች) ነው።
3. ዲሌይና ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት የሚጨምረው) ከሚክሰሩ በኋላ ይግቡ። ስቴሪዮዎቹን ምረጥ።

ኬብሉንም እይ። «ግራ/ሞኖ» የሚለው ቀዳዳ ብቻ ከተሰካ መሣሪያው ራሱ ሁለቱን ደምሮ ሞኖ ያወጣል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ቤት በሄድፎን ሰምቼ የወደድኩት ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ሞኖ ስፒከር ላይ ሲወጣ ሳሳ፤ ወፍራሙ ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። የሁለቱ አምፖች ፌዝ (የድምፅ ሞገዳቸው አካሄድ) ስለማይገጥም ድምፃቸው እርስ በርስ ይጠፋፋ ነበር። አሁን ከቤት ሳልወጣ ሁለቱንም ፓን መሀል አድርጌ እሰማለሁ። ድምፁ ከሳሳብህ ሚክሰሩ ላይ የቢን ፖላሪቲ (የሞገዱን ወደ ላይና ወደ ታች አቅጣጫ) ገልብጠህ ሞክር።