መረጃ በእንግሊዝኛ ለምን አይቆጠርም?

እህታችን፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪው ልጅዎ «ኢንፎርሜሽን» በሚለው ቃል ላይ «ኤስ» ጨምሮ በመጻፉ መምህሩ እንደሰረዘበት ገልጸው፣ በአማርኛ «መረጃዎች» እየተባለ በእንግሊዝኛ የማይባልበትን ምክንያት ጠይቀዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ በማስተምርባቸው ዓመታት ይኸው ጥያቄ ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ ስለሌለ፣ ከክፍል ያገኘሁትን ልጻፍልዎ።

እንግሊዝኛ ስሞችን ተቆጣሪ (ቁጥርና እንደ «ኤስ» ያለ የብዙ ቁጥር ምልክት የሚቀበሉ) እና የማይቆጠሩ ብሎ ይከፍላል፤ «ኢንፎርሜሽን» ከማይቆጠሩት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «በእጅ የሚቆጠር ነገር ስሙ ተቆጣሪ ነው» ብዬ ነበር የማስተምረው። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ከደብተሯ መሐል ሦስት የአሥር ብር ኖት አውጥታ ዴስኩ ላይ አንድ በአንድ ደረደረችና «መምህር፣ ይኸው ቆጠርኩት፤ ታዲያ 'መኒ' ለምን አይቆጠርም?» አለችኝ። ትርጓሜዬ ስሕተት እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሚቆጠረው ብሩ ነው እንጂ «መኒ» የሚለው ቃል ቁጥር አይቀበልም፤ መቆጠርና አለመቆጠር የነገሩ ሳይሆን የቃሉ ጠባይ ነው።

ይህን ከእህል የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። በእንግሊዝኛ ምስር፣ ባቄላና አተር ይቆጠራሉ፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና በቆሎ ግን አይቆጠሩም። ጤፍስ ከድቀቷ የተነሣ ማን ይቆጥራታል እንበል፤ ነገር ግን አንዲት የቡሬ በቆሎ ፍሬ ከምስር ፍሬ ስንት እጥፍ ትበልጣለች! ስለዚህ ምክንያቱ የፍሬው መጠን ሊሆን አይችልም። አተር ራሱ በቀድሞው እንግሊዝኛ «ፒዝ» ተብሎ እንደ ስንዴ በጅምላ ይጠራ ነበር፤ ተናጋሪዎቹ መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ የብዙ ቁጥር ምልክት ስለመሰላቸው ቆርጠው ጣሉትና በ17ኛው መቶ ዘመን «ፒ» የሚል ነጠላ ስም ተገኘ። እህሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ነው።

ሥርዓቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ገበያ ወጥተው «ሁለት ጤፍ ስጭኝ» ቢሉ ሻጯ «ሁለት ምን?» ማለቷ አይቀርም፤ ቁና ወይም ኩንታል ተብሎ መጠራት አለበት። እንግሊዝኛም ምክርን፣ መረጃን፣ የቤት ዕቃን፣ ዜናንና የቤት ሥራን የሚይዛቸው እኛ ጤፍን በምንይዝበት መንገድ ነው። ለምክርና ለመረጃ የተለመደው መስፈሪያ «ፒስ» (ቁራጭ) ስለሆነ፣ ሁለት ምክር ለማለት «ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ» ይባላል፤ «ኤስ» የሚጨመረውም በመስፈሪያው ላይ ብቻ ነው። ተማሪዎቼ እያንዳንዱን ስም ከነመስፈሪያው በደብተራቸው እንዲጽፉ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ዝርዝር ሸምድደው ፈተና ላይ የሚረሱት ቀንሰዋል።

አንድ ቃል ሁለቱንም ጠባይ ሊይዝ እንደሚችልም ይንገሩት፤ «ቺክን» ዶሮዋን ሲሆን ይቆጠራል፣ ሥጋዋን ሲሆን አይቆጠርም። ለተማሪ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ተቆጣሪውን በ«ሲ»፣ የማይቆጠረውን በ«ዩ» ፊደል ስለሚያመለክቱ፣ ሲጠራጠር እዚያ ይመልከት።

ልጆቻችንን የበለጠ የሚያሳስተው ግን የእኛ «ብዙ» ለሁለቱም መሥራቱ ነው፤ እንግሊዝኛ ለሚቆጠረው «ሜኒ»፣ ለማይቆጠረው «ማች» ይላል፤ «ጥቂት»ም እንዲሁ ለሚቆጠረው «ፊው»፣ ለማይቆጠረው «ሊትል» ተብሎ ይከፈላል። ልጅዎ «ብዙ መረጃ አገኘሁ» ለማለት ፈልጎ ከሆነ፣ «ኢንፎርሜሽን»ን ያለ «ኤስ» ትቶ ከፊቱ «ኤ ሎት ኦፍ» ያድርግበት፤ ይህኛው ለሁለቱም ዓይነት ስም ይሆናል።