ክንድ ይቅደም፣ እግር ይከተል

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ የፌንሲንግ (በቀጭን ሰይፍ የሚደረገው ግጥሚያ) ልምምድ ጨርሰን፣ ዝናቡ እስኪያባራ አዳራሹ ደጃፍ ቆመን ሳለ አንዳችሁ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና መቼ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን እዚያው ቆሜ በአንድ ቃል ልመልሰው አልፈለግሁም። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቤቴ በእግሬ ስሄድ ሳሰላስለው መጣሁና ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ።

ብዙዎቻችሁ ከቴኳንዶ ስለመጣችሁ ቀበቶ ለምዳችኋል። ቀበቶው ይቀየራል፣ ቤተሰብ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል። ይህን አልነቅፍም። እኔም ያደግሁት በደረጃ ነው። በ1975 ዓ.ም. መስከረም ላይ የውኃ ምሕንድስና ልማር ኪየቭ ስገባ፣ በሶቪየት ኅብረት ስፖርት ሁሉ መሰላል ነበረው። ከወጣቶች ሦስተኛ ማዕረግ ይጀመርና ወደ ሁለተኛ፣ ወደ አንደኛ ይኬዳል፤ ከዚያ እንደገና ከአዋቂዎች ሦስተኛ ተነስቶ «የስፖርት ማስተር» እስከሚባለው ይወጣል። ከማደሪያችን አጠገብ የፌንሲንግ አዳራሽ ነበር። ብርዱን ሽሽት ገባሁ፤ ትምህርቴን እስክጨርስ ከዚያ አልወጣሁም።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ቭላድሚር ስሚርኖቭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ እኛ በምንለማመድበት ቀላል ሰይፍ፣ በፎይል፣ በግል ወርቅ ያገኘው። እኔ ከመድረሴ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1974 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሲጋጠም የተጋጣሚው ፎይል ተሰበረና ስባሪው ማስኩን በስቶ ገባ። ከቀናት በኋላ አረፈ። የዛሬው ማስክ፣ ጃኬትና ብረት እንዲህ የጠነከረው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። ማስክ ያላጠለቀ ልጅ ፊት ፎይል ስታነሱ ድምፄ ለምን እንደሚቀየር አሁን ገብቷችሁ ይሆናል። አንድ ጊዜ እንኳ የረሳ ልጅ፣ የቀረውን ሁሉ ቢችል፣ ከእኔ የመጀመሪያውን ደረጃ አያገኝም።

ፎይል ራሱ ቀላል ዕቃ ነው። ከ500 ግራም አይበልጥም፤ ርዝመቱም ከ110 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። የሚቆጠረው በጫፉ የነካችሁት ብቻ ነው፤ ያውም ግንደ አካል ላይ ሲያርፍ። በትልልቅ ውድድር ጫፉ ሲጫን መብራት ይበራል። እኛ መብራቱ ስለሌለን የተነካው ራሱ እጁን አውጥቶ «ተነክቻለሁ» ይላል። መሣሪያው ቢመጣም ይህ ልማድ እንዲቀርባችሁ አልፈልግም።

ከባዱ ቅድሚያ ነው። ሁለታችሁም እኩል ብትነካኩ፣ ነጥቡ ቀድሞ ክንዱን ዘርግቶ ጫፉን ወደ ኢላማው ላቀናው ነው። ያ ሰው ከተመከተ፣ ማለትም ተጋጣሚው በራሱ ፎይል ጫፉን ገፍቶ ካስወገደበት ግን ቅድሚያው ወደ መካቹ ይዞራል፤ አጸፋው የእሱ ነው። አደባባይ ላይ ሁለት ባጃጆች ሲገናኙ ማን ይለፍ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ግን በሰኮንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ነው የሚወሰነው።

ክንድ ይቅደም፣ እግር ይከተል እያልኩ የማሰለቻችሁም ለዚህ ነው። እግራችሁ ቀድሞ ክንዳችሁ ታጥፎ ከቀረ፣ ተጋጣሚያችሁ ምንም ሳይደክም ክንዱን ይዘረጋል፤ ቅድሚያውን ይወስዳል፤ እናንተም በገዛ ፍጥነታችሁ ሄዳችሁ ጫፉ ላይ ታርፋላችሁ። ስትፈሩና ስትቸኩሉ መጀመሪያ የሚነሳው እግር ነው። ሰውነታችን እንዲያ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው ደረጃ ሥራ ይህን መገልበጥ ነው፤ በሁለት ወር የሚገለበጥ ደግሞ አይደለም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ፍጥነቱ ያስገርም ነበር። መከታዎቹን በቁጥር ስማቸው፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ እያልኩ ስጠራለት እጁ እዚያው ነው። ሰው ሁሉ አደነቀው፤ እኔም ደስ አለኝና ሁለተኛውን አዝልዬ በሦስት ወሩ ሦስተኛ ደረጃ ሰጠሁት። በዚያው ጊዜ ከሂርማታ የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጠዋት እናቷን ቡና በማፍላት ታግዝና እየሮጠች ትደርሳለች። አንደኛ ደረጃ ላይ አሥራ አንድ ወር ቆየች። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ክንድ፣ ውርወራ (የፊት እግርን ዘርግቶ ወደ ተጋጣሚ መወርወር)፣ መመለስ፤ ሌላ ምንም አላስተማርኳትም።

አንድ ቅዳሜ በአምስት ነጥብ አጋጠምኳቸው። እሷ ክንዷን ዘርግታ ጠበቀች። እሱ ሊመክት እጁን እስከ ትከሻው ውጭ ድረስ ጠረገው። መከታ ኢላማው በሚያልቅበት ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ በር ከፍቶ መሄድ ነው። እሷ ጫፏን ከእጁ ሥር በጥቂቱ አሳልፋ ደረቱ ላይ አሳረፈችው። ያደረገችው ነገር ስም እንዳለው እንኳ አታውቅም ነበር። አምስት ለአንድ አለቀ። ልጁ ደንቡን ጠብቆ ሰላምታ ሰጠ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እናቱ የጅማን ባለ ሦስት እግር ዱካ አቀረቡልኝና ተቀመጥኩ። ልጁ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ሦስተኛ ነህ ብለውኝ አልነበር?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቡናው ቀርቦ ጠጥቼ ወጣሁ። የነፈግሁት ነገር ሽንፈት አይደለም፤ ሁላችንም እንሸነፋለን። የነፈግሁት እነዚያን አሥራ አንድ ወራት ነው። የሰጠሁት ስም ከእጁ በልጦ ነበር፤ ሲሸነፍ የወደቀውም ስሙ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የሚቀጥለው ደረጃ መቼ ነው ከማለታችሁ በፊት ካለፈው ምን እንደቀራችሁ ጠይቁኝ። በደስታ እነግራችኋለሁ። በኪየቭ አሰልጣኛችን ማስተር የተባሉትን ሰዎች ሳይቀር ፎይል ሳያስነካ በእግር ልምምድ ነበር የሚጀምራቸው። መጀመሪያ ለቅጣት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳየው ሰዎቹ ራሳቸው እንዲቀርባቸው አይፈልጉም።

ቤት ውስጥ ብዙ መሥራት ትችላላችሁ። ካልሲ ጠቅልላችሁ በክር ደረታችሁ ትክክል አንጠልጥሉና በጫፍ ንኩት፤ ፎይል ከሌላችሁ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። ግቢው መሬት ላይ በአመድ መስመር አስምራችሁ ሁለቱ ተረከዞቻችሁ ከመስመሩ ሳይወጡ ተራመዱ። ስትወረወሩ የፊት ጉልበታችሁ በጫማችሁ አቅጣጫ ይጠፍ፤ ወደ ውስጥ ከዞረ ዛሬ ባይሰማችሁ ኋላ ይሰማችኋል። አያያዙን ደግሞ ከቡና ተማሩ፦ ትኩስ ስኒ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ ነው የሚያዝ እንጂ ማንም በጡጫ አይጨብጠውም። ጫፉን የሚመሩት እነዚያ ሁለት ጣቶች ናቸው፤ የቀሩት ያግዛሉ።

አራተኛውን ደረጃ ዳኝነት ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። የሁለት ጓደኞቻችሁን ግጥሚያ አይታችሁ፣ ማን አጠቃ፣ ማን መከተ፣ አጸፋው የማን ነበር የሚለውን ጮክ ብላችሁ ሳትናገሩ ፎይል አወቅን ማለት አትችሉም።

ይህ ስፖርት ለእኛ አይደለም የሚሏችሁ አሉ። ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በፎይል ብር ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው የፌንሲንግ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቱኒዚያዊቷ ኢነስ ቡበክሪ በሪዮ በዚሁ በፎይል ነሐስ አገኘች። ሩቅ አገር ሰዎች አይደሉም።

ቅዳሜ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ በሚመጣው ሳምንት ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ና። ጓንቴን በትከሻዬ ትይዩ ይዤ እቆማለሁ፤ አንተ በውርወራ ርቀት ትቆማለህ። ሳልነግርህ እለቀዋለሁ፣ መሬት ሳይነካ ትይዘዋለህ። አሥር ጊዜ እናደርገዋለን። ብትስተው ግድ የለኝም፤ እኔ የማየው ክንድህን ነው። በአሥሩም ክንድህ ከእግርህ ከቀደመ የሁለተኛውን ፈተና ቀን እዚያው እንቆርጣለን። ካልቀደመም ግማሽ ሰዓቱ የእኛው ነው፤ በየሳምንቱ እንገናኝበታለን።

ጋሼ
ጅማ